የፍሬን ዘይት ለትራክ ቀን፦ ይጨመር ወይስ ይቀየር?

መነሻ

ይህ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተነሳ ክር፣ ማለትም የአንድ ጥያቄና የመልሶቹ፣ ማጠቃለያ ነው፤ ትራክ ቀን ሰው የራሱን መኪና በውድድር መም ላይ የሚነዳበት ቀን ነው። ጠያቂው ከዋሽንግተን ዙሪያ ነው። መኪናው የሁለት ዓመት ዕድሜ ያለው፣ ማርሹ በእጅ የሚቀየር ቶዮታ ጂአር86 ነው። የሚሄደው ዌስት ቨርጂኒያ ወዳለው ሰሚት ፖይንት፣ 2 ማይል ርዝመትና 10 ኩርባ ወዳለው ዋናው መም ነው። የአዘጋጆቹ የፍተሻ ቅጽ የፍሬን ዘይቱ በቅርቡ መቀየሩን እንዲያረጋግጥ ይጠይቀዋል። እሱ ግን ዘይቱ ብርዝ መስሎ የጠራ፣ ፔዳሉም ጠንካራ ስለሆነ ሙሉ ቅያሪውን ትርፍ ልፋት አድርጎ አይቶታል። ከማጠራቀሚያው በሲሪንጅ መጥጦ በቦታው የውድድር ዘይት ቢሞላ እንደሚበቃው ጽፎ፣ ተሳስቶ ከሆነ እንዲያርሙት በትሕትና ጠየቀ። ሃያ አንድ መልስ ተከተለው።

መልስ 1

አይበቃም ብሎ ጀመረ፤ ምክንያቱም አጭር ነበር። የፍሬን ዘይት እንደ ሞተር ዘይት አይዘዋወርም። ፔዳል ሲረገጥ ጥቂት ገፋ ይላል፣ ሲለቀቅ ወደነበረበት ይመለሳል። ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ዘይት ከሙቀቱ በጣም የራቀው ነው፤ የሚፈላው ካሊፐር (በየጎማው ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ውስጥ ከፒስተኑ ጀርባ የተኛው ጥቂት ዘይት ነው። ከላይ የተሞላ አዲስ ዘይት እዚያ ድረስ በራሱ አይወርድም። ስለዚህ ጠያቂው ባሰበው መንገድ ቢሠራ ውዱን ዘይት ቀዝቃዛው ቦታ ላይ አስቀምጦ አሮጌውን እሳቱ አጠገብ መተው ይሆንበታል። ከክሩ ሁሉ ዋናው ነጥብ ይህ ነው፤ የቀሩት ሃያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሲዞሩት የዋሉት እሱኑ ነው።

መልስ 2

ከመልስ 1 ጋር ተስማምቶ ቁጥሮቹን አስቀመጠ። ዶት በሚባለው የአሜሪካ የፍሬን ዘይት ደረጃ መሠረት ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ሳይፈላ መቆየት አለበት፣ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ 140። ዶት 4 230 እና 155 ነው። ዶት 5.1 260 እና 180። እርጥብ የሚባለው መለኪያ የሚወሰደው 3.7 በመቶ ያህል ውሃ በገባበት ዘይት ላይ ነው። ውሃው የሚገባው ክዳኑ ሲከፈት ብቻ ሳይሆን በጎማ ቱቦዎቹም በኩል ቀስ በቀስ ስለሆነ ዘይት ሳይነካ ቢቀመጥም ያረጃል። የጂአር86 መመሪያ ዶት 3ንም ዶት 4ንም ስለሚፈቅድ ጠያቂው ወደ ዶት 4 የውድድር ዘይት ቢያልፍ መኪናው ላይ የሚቀየር ነገር እንደሌለም አከለ። ቀለምን አትመኑ የሚለውም ከእሱ የመጣ ነው፤ ውሃ ቀለም የለውምና የጠራ ዘይት ደረቅ ነው ማለት አይደለም።

መልስ 3

ቁጥሩ ከፍ ካለ ይሻላል በሚል ስሌት በቀጥታ ዶት 5 እንዲገዛ መከረ።

መልስ 4

እዚህ ላይ የክሩ ድምፅ ተለወጠ። የመልስ 4 ጸሐፊ ሰላምታውን ዘሎ፣ ይህን ምክር የሰማ ሰው መኪናውን እንደሚያበላሽ በቁጣ ጻፈ። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፤ 3፣ 4 እና 5.1 ግን በግላይኮል የተሠሩ ናቸው። ሁለቱ ወገኖች አይዋሃዱም። ሲሊኮኑ ውሃ ስለማይቀላቅል የገባው ውሃ ተለይቶ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል፤ እዚያ ያዝገዋል፣ ሲግል ደግሞ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አየርም ይይዛል፣ ፔዳሉንም ያላላል። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ላለው መኪና ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። የ5 እና የ5.1 ስም መመሳሰል የሰየሙት ሰዎች ጥፋት እንጂ የገዢው አይደለም ብሎ መጨረሻ ላይ ትንሽ ለዘብ አለ። የመልስ 3 ጸሐፊ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

መልስ 5

ሒሳብ የሚወድ ሰው ነው። መኪናውና ሹፌሩ 1,350 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በሰሚት ፖይንት ረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ ላይ ለአንደኛው ኩርባ ከ180 ወደ 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲወርዱ 1.27 ሜጋ ጁል ያህል ጉልበት መጣል አለበት። ያ 3.8 ሊትር ያህል ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ 100 የሚያደርስ ሙቀት ነው፤ በእሱ አነጋገር ሦስት አራት ጀበና በሦስት ሰከንድ። አየሩና ሞተሩ ከዚህ የሚያግዙት ጥቂት ነው፤ የቀረውን ዲስኮቹ ይውጡታል፣ ትልቁን ድርሻ የፊቶቹ። ይህ በ20 ደቂቃ ውስጥ 12 ጊዜ ያህል ይደገማል፣ የሌሎቹ ኩርባዎች ፍሬን ሳይቆጠር። ከተማ ውስጥ አሥር ዓመት ያልፈላ ዘይት ትራክ ላይ በሦስተኛው ዙር የሚፈላው ለዚህ ነው።

መልስ 6

የመልስ 5ን ሒሳብ አድንቆ፣ ሰው ሁሉ የሚያምታታቸውን ሁለት ነገሮች ለየ። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ መኪናው አልቆም ካለ የጋለው ሸራው ነው፤ የመንገድ ሸራ ለዚያ ሙቀት አልተሠራም። ፔዳሉ ረዝሞ፣ ለስልሶ ወደ ወለሉ ከሄደ ግን የፈላው ዘይቱ ነው። ፈሳሽ አይጨመቅም፣ እንፋሎት ይጨመቃል፤ እግር የሚገፋው አረፋውን እንጂ ፒስተኑን አይሆንም። ቀጥሎ የጻፈውን ብዙዎች አያውቁትም፦ ፔዳል ተረግጦ ሳለ ግፊቱ የመፍላቱን ነጥብ ከፍ ስለሚያደርገው ዘይቱ ችሎ ይቆያል። አረፋው የሚፈጠረው እግር ሲነሳ ነው። ስለዚህ አንዱ ኩርባ ላይ በደንብ የያዘ ፍሬን የሚቀጥለው ላይ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ። ሸራ ሲያልቅም ነገሩ ይብሳል፤ ወፍራም ሸራ ሙቀቱን ከፒስተኑ ያርቀዋል፣ ሳሳ ሲል ያስተላልፈዋል። ከግማሽ በታች በሆነ ሸራ ትራክ መግባት ዘይቱን በከንቱ ማቃጠል ነው አለ።

መልስ 7

የክሩ ረጅሙ መልስ፤ ጸሐፊዋ የእጅ ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘረዘረችው። ሁለት ባለ 500 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ፣ ያልተከፈተ። ጠርዙ ስድስት የሆነ፣ ብሎኑን ዙሪያውን የሚይዝ ቁልፍ፤ እንደ መኪናው አብዛኛውን ጊዜ 8፣ 10 ወይም 11 ቁጥር። ዘይቱ ሲወርድ የሚያሳይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ፣ አሮጌ ጠርሙስ፣ ጓንት፣ አንድ ባልዲ ውሃ። ውሃው ለቀለሙ ነው፤ የፍሬን ዘይት የመኪና ቀለም ስለሚልጥ የፈሰሰ እንደሆነ ወዲያው በውሃ ይታጠባል፣ በጨርቅ አይፈገፈግም።

መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በአራቱም በኩል መደገፊያ ይገባለታል። መጀመሪያ የማጠራቀሚያው አሮጌ ዘይት በሲሪንጅ ይመጠጣል፣ ግን የማጠራቀሚያው የታች ቀዳዳ አየር እስኪያገኝ ድረስ አይደለም። ከዚያ በአዲስ ይሞላል። እስከዚህ ድረስ ጠያቂው ያሰበው ነው፤ ሥራው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ቱቦው የካሊፐሩ አየር ማስወጫ ብሎን ላይ ይገባል፣ ጫፉ ጠርሙሱ ውስጥ ዘይት ውስጥ ይጠልቃል። አንዱ ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው ሩብ ዙር ይከፍታል፣ ዘይቱ ይወርዳል፣ ፔዳሉ መጨረሻ ሳይደርስ ይዘጋል፤ ከተዘጋ በኋላ ብቻ እግር ይነሣል። ይህ ቅደም ተከተል አንዴ ከተገለበጠ አየር ይገባል። በየስምንት አሥር እርግጫው ማጠራቀሚያው ይታያል። ከአንዱ ጎማ ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ሲወጣ ቱቦው ውስጥ የሚታየው ዘይት ከጥቁር ሻይ ወደ ጠራ ቢጫ ይለወጣል።

ፔዳሉን እስከ ወለል መርገጥ እንደማያስፈልግም አስጠነቀቀች። ማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ የሚገፋው ዋናው ፓምፕ) ውስጥ ያለው ጎሚኒ በየቀኑ የሚሄድበት ስፍራ አለ፤ ከዚያ አልፎ ዝገትና ቆሻሻ ያለበት ክፍል ላይ ሲሄድ ይቧጨራል፣ በማግሥቱ ፔዳሉ ቀስ እያለ መስመጥ ይጀምራል። ከፔዳሉ ሥር የእንጨት ቁራጭ ማስቀመጥ ይበቃል። ማስወጫው ሲጠብቅ ደግሞ ጉልበት አይደረግም፤ 8 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ውስጡ ክፍት የሆነ ቀጭን ብሎን ስለሆነ የሚሰበረው ሲከፈት ብቻ ሳይሆን ሲጠብቅም ነው። መጨረሻ ላይ ሞተር ተነሥቶ ፔዳሉ በኃይል ለ30 ሰከንድ ይያዛል፤ አራቱም ቦታ በባትሪ ይታያል። የጎማ ብሎኖቹ ለዚህ መኪና በ120 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ።

መልስ 8

አመስግኖ፣ አንድ ነገር መዘንጋቷን ጠቆመ፦ ፍሪሲዮኑ። እንደ ጂአር86 ባሉ ብዙ መኪኖች ፍሪሲዮኑ የሚጠጣው ከዚያው ከፍሬኑ ማጠራቀሚያ ነው። የእሱም መስመር ካልታጠበ አሮጌው ዘይት እዚያ ይቀራል፤ 100 ሚሊ ሊትር ቢለቀቅ ይበቃዋል። በሥራ ላይ የፍሪሲዮን ፔዳል ወለል ላይ ተጣብቆ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

መልስ 9

የትኛው ጎማ ይቅደም የሚል ክርክር ከፈተ። ከማስተሩ ሩቅ ካለው መጀመር የዱሮ ሕግ ነው አለ፤ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ።

መልስ 10

ይህ ሕግ የተወለደው ኤቢኤስ ሳይኖር እንደሆነ፣ ዛሬ አንዳንድ ፋብሪካዎች ከፊት እንዲጀመር እንደሚያዝዙ ገልጾ መመሪያውን ክፈቱ አለ። መስመሩ ውስጥ አየር ካልገባ ግን፣ ዘይት ብቻ ለመቀየር፣ ቅደም ተከተሉ ያን ያህል ለውጥ እንደማያመጣም አመነ። ከዚያ ይልቅ አደጋው ማጠራቀሚያውን ማድረቅ ነው። አየር የኤቢኤሱ ሳጥን ውስጥ ከገባ በእግር አይወጣም፤ ፓምፑንና ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅስ የኮምፒውተር መሣሪያ ይጠይቃል። ሸራ ለመቀየር ፒስተን የሚገፋም ሰው በመጀመሪያ ማስወጫውን ቢከፍት ይሻለዋል፤ አለዚያ የካሊፐሩ ጭቃ ወደ ኤቢኤሱ ይመለሳል።

መልስ 11

ብቻውን የሚሠራ ሰው የመምጠጫ ፓምፕ ቢጠቀምስ ብሎ ጠየቀ፤ ሞክሮት አረፋው አላልቅ ማለቱን ጨመረ።

መልስ 12

አረፋው ከመስመሩ ሳይሆን ከማስወጫው ብሎን ጥርስ ዙሪያ የሚሳብ አየር ነው፤ ጥርሱ ላይ ትንሽ ግሪስ ቢቀባ ይቀንሳል። እሱ ግን ከላይ የሚገፋውን፣ ማጠራቀሚያው ላይ የሚታሰረውን መሣሪያ መረጠ፤ ግፊቱ ከ1 እስከ 1.5 ባር ሳያልፍ። ከዚያ በላይ የማጠራቀሚያውን መጋጠሚያ ያፈናቅላል። ካሊፐር ቀይሮ ፔዳሉ ጨርሶ አልጠነክር ያለው ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይመልከት አለ፦ ማስወጫው ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች? ግራና ቀኙ ከተለዋወጡ ማስወጫው ከታች ይሆናል፤ አየሩ ላይ ስለሚቀመጥ አሥር ሊትር ቢያልፍም አይወጣም። ባለ አራት ፒስተን ካሊፐር ላይም ብዙውን ጊዜ ማስወጫው ሁለት ነው፤ የውስጡን የሚረሳው ብዙ ነው።

መልስ 13

ወሬውን ወደ አገር ቤት ወሰደው። አባይ በረሃን የወረደ ሰው ይህን ሁሉ ያውቀዋል አለ፤ ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል፣ ሲኖትራኮቹ እየጨሱ። የእነሱም ዘይት እንደሚፈላ ጽፎ አለፈ።

መልስ 14

የሚፈላ ዘይት የላቸውም ብሎ ቆረጠው። ከባድ መኪና ፍሬኑ በአየር ነው፤ የሚጨሰው ሸራውና ታምቡሩ ነው። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል። ምሳሌው የሚሠራው ለሚኒባስና ለሃይሉክስ ነው፤ እነሱ ዘይት አላቸው፣ ያም ዘይት ብዙውን ጊዜ ማንም ነክቶት አያውቅም። መድኃኒቱም ቁልቁሉ ሳይጀመር ማርሽ መቀነስ ነው። አክሎም አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ፣ የፍሬን ዘይትም በከፍታ ትንሽ ቀደም ብሎ እንደሚፈላ አስታወሰ፤ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ቁጥር የባሕር ወለል ነው።

መልስ 15

ለእኔ የክሩ ምርጥ መዞሪያ ይህ ነበር። የመልስ 15 ጸሐፊ ጥፋቱን በቃሉ ላይ አኖረ፦ ዘይት ብለን ስለጠራነው ዘይት ይመስለናል። ግን ቅባት ያለው ዘይት አይደለም። ዘይት መስሎት የሞተር፣ የካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት የጨመረበት ሰው ጎሚኒዎቹን ሁሉ ያሳብጣል፤ መጀመሪያ ፍሬኑ አልለቅ ይላል፣ ቀጥሎ ክዳኑ ሥር ያለው ላስቲክ አብጦ ይጨማደዳል፣ እሱም ዋናው ምልክት ነው። ያኔ ማጠብ አያድንም፤ ማስተሩ፣ ካሊፐሮቹ፣ ቱቦዎቹ፣ ጎማ የነካ ሁሉ ይቀየራል። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽና ካንዴላን ከጣሊያን እንዳሉ ስንቀበል ፈሳሹን ብቻ በራሳችን ቃል መጥራታችን ዋጋ አስከፈለን ሲል ቀለደ።

መልስ 16

ቀልዱን አልወደደውም። አገር ያወቀውን ስም መለወጥ የማይጠቅም ፍልስፍና ነው፣ ሰው ቆርቆሮውን ያንብብ አለ። ሁለት ሰዎች ተቀብለውት ለጥቂት ጊዜ ስለ ቋንቋ ተባባሉ፤ ያንን እዘለዋለሁ።

መልስ 17

ከዱባይ ነው፤ የዱባይ አውቶድሮም ጋራዦች የሚያውቁትን ነገር አነሳ። በባሕር ዳርቻ እርጥበት ተከፍቶ ያደረ ጠርሙስ ለትራክ አይሆንም። የተረፈው ግማሽ ጠርሙስ ተከድኖ ቢቀመጥም ለሚቀጥለው ወር አይቆጠብም። ብዕር የሚመስለውን መመርመሪያም አጣጣለ፤ የኤሌክትሪክ ማስተላለፍን እንጂ መፍላትን አይለካም፤ ዘይቱን አሙቆ የሚለካው መሣሪያ ሌላ ነው።

መልስ 18

የብራንድ ጦርነት ተጀመረ። ካስትሮል ኤስአርኤፍ ካልሆነ ሌላው ገንዘብ መጣል ነው አለ፤ እርጥቡ 270 ስለሆነ።

መልስ 19

በእርስዎ የጀመረው ሰው እዚህ አንተ ወደማለት ወረደ። ሞቱል አርቢኤፍ 600 ደረቁ 312፣ እርጥቡ 205 ነው፤ አቴ ቲፕ 200 ደግሞ 280 እና 198። በዓመት ሦስት ጊዜ የሚታጠብ አርቢኤፍ፣ ዋጋው ተወዶ ሁለት ዓመት ከሚከርም ኤስአርኤፍ ይሻላል ባይ ነው። ኤስአርኤፍ ጥሩ መሆኑን ሳይክድ፣ ለመጀመሪያ ቀን የመጣን ሰው በዋጋ ማስፈራራት ነውር እንደሆነ ጻፈ። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ፤ ትኩስ ዘይት ስሙ ካለው ዘይት ይበልጣል። በመሐል ሰማያዊው የአቴ ዘይት የት ሄደ የሚል ጥያቄ ስለነበር፣ የአሜሪካ ሕግ በግላይኮል የተሠራ የፍሬን ዘይት ከቀለም አልባ እስከ ቢጫማ ቡናማ ብቻ እንዲሆን ስለሚያዝ ከገበያው መውጣቱንና ቲፕ 200 ያው ዘይት በሌላ ቀለም መሆኑን አስረዳ። ሰማያዊውና ቢጫው እየተፈራረቁ ሲሞሉ አሮጌው መቼ እንዳለቀ በዓይን ይታይ ነበርና ያዘነለት ብዙ ነው።

መልስ 20

ስለ ዕለቱ ራሱ ነው። ከመውጣት በፊት ቆሞ ሳለ ፔዳሉን ሁለት ሦስቴ መርገጥ። ቀጥታው ላይ፣ ፍሬን ከመያዙ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በግራ እግር ነካ አድርጎ ፔዳሉ መኖሩን ማረጋገጥ። የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ሳይነኩ ቀስ ብሎ መዞር፤ ቆሞ ሲገባ የሚያቀዘቅዝ ነፋስ ስለሌለ የዲስኩ ሙቀት ወደ ካሊፐሩ ይጎርፋል፣ ዘይቱም የሚፈላው ብዙውን ጊዜ መኪናው ቆሞ ነው። የእጅ ፍሬን አይሳብም፤ ማርሽ ውስጥ አስገብቶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ወይም እንጨት ማድረግ ነው። ፔዳሉ አንዴ ከረዘመ ቀኑን መቀጠል የለም፦ የፈላ ዘይት ቢቀዘቅዝም እንደቀድሞው አይሆንምና እዚያው ከፊት ሁለቱ ካሊፐሮች ጥቂት ጥቂት ማውጣት ያስፈልጋል። አንድ ያልተከፈተ ጠርሙስና 50 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ይዞ መምጣት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

መልስ 21

ጠያቂው ተመለሰ። ሙሉውን ቀይሯል፤ ሁለቱም ጠርሙስ አልቋል። ማጠራቀሚያው ብርዝ ሲመስል ከፊት ቀኝ ካሊፐር የወጣው የቡና አተላ መስሎ እንደነበር አምኗል። የቀረው ጥያቄ የወጣው አሮጌ ዘይት የት ይጣል የሚል ነበር። እሱኑ ጠይቆ እሱው መለሰ፦ ከሞተር ዘይት ጋር አይቀላቀልም፣ ፍሳሽ ውስጥም አይደፋም፤ በራሱ ዕቃ ተከድኖ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ የካውንቲው አደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ይወሰዳል። እነሱ የሚቀበሉት ቅዳሜ ብቻ ስለሆነ ጋራዡ ጥግ፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ አስቀምጦታል።